የሚስቴ ወይስ የሐሰተኛው አማላጅ?

ሚስቴ ፍየል ታስረግዛለች። እንግዳ ሰው ሥራዋን ሲጠይቀኝ እንዲህ ብዬ ነው የምጀምረው፤ ሰውየውን ሻይ ትን ሲለው ደስ ይለኛል። እሷ ግን ትበሳጫለች። «ቆይ አንተ፣ እንደ ሰው ማስረዳት ያቅትሃል?» ትለኛለች። አያቅተኝም። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ስለ መርፌና ስለ መቁረጥ ከማንም አላንስም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፍየል ወተት ውስጥ የአንዳንድ ሕፃናት ሰውነት የማይቀበለው ፕሮቲን አለ። ሕፃኑ ወተቱን ሲጠጣ ያሳክከዋል፣ ፊቱ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ፍየሏ ይህን ፕሮቲን እንድትሠራ የሚያዛት በሕዋሷ ውስጥ ያለ አንድ ጂን ነው። ሚስቴና ባልደረቦቿ ፅንሱ ገና በባዶ ዓይን የማይታይ ነጥብ ሳለ ያንን ጂን ቆርጠው ሥራ ያስፈቱታል፤ ያለቦታው የተሰፋ ኪስ ልብሱ ሳይጎዳ እንደሚፈታው ማለት ነው። ከዚያ ፅንሱ በሌላ ፍየል ማህፀን ይተከላል።

ቆራጩን ነገር ከፀጉር በቀጠነ የመስታወት መርፌ ወደ ፅንሱ የምታስገባው ሚስቴ ናት። ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሳ ሳለች በክፍሉ ውስጥ ወንበር መሳብ፣ መሳል፣ ስልክ ማንሳት ክልክል ነው። ከዚህ የተነሳ የሥራ ባልደረቦቿ «ዝም በሉ» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውላታል። ቤቷ ስትገባ ግን ዝም ያለችበትን ቀን አላውቅም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ሰው ሁሉ ተረት ይመስለዋል፤ እሷ ሥራዬ ብላ የያዘችው ይህንኑ ነው።

የምርምር ጣቢያው ረጅም፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ሕንፃ ነው፤ በረቱ ከጀርባው ነው። ለሠራተኞቹ ጋዋን የምሰፋው እኔ ስለሆንኩ አዘውትሬ እገባለሁ። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን አንዷ ፍየል የልኬት ሜትሬን ከኪሴ መዝዛ እስከ ግማሽ በላችው። ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ ይባላል፤ እዚያ ግን የደረስኩት እኔ፣ የበጠሰችው እሷ። ከሚስቴ ክፍል ቀጥሎ ያለው የበግ ግንድ ሕዋስ፣ ወደ አጥንትም ወደ ሥጋም መለወጥ የሚችለውን፣ የሚያራቡበት ነው። ሕዋሱን ጉልበቱ የተጎዳ በግ ላይ ይወጉና መገጣጠሚያው ይድን እንደሆነ ያያሉ። ባለፈው አንካሳ የነበረች በግ አጥር ዘልላ ጠፍታባቸው ስታሯሩጣቸው ዋለች፤ ደስታቸው ሌላ ነበር። እኔም ከዚያ ወዲህ በዚያ በር ሳልፍ ጉልበቴን እያሻሸሁ ቀስ እላለሁ፤ እስካሁን ማንም ግባ አላለኝም።

በሚስቴ ክፍል ግን ለዓመታት እንዲህ ያለ ደስታ አልታየም። ፅንሱ ይሠራል፣ ይተከላል፣ አይይዝም። ከያዘም ይወርዳል። የጣቢያው ኃላፊ ዶክተሯ አንድ ቀን ጠርታት፣ «ዘንድሮ አንድ ጤነኛ ግልገል ካላየን ክፍሉ ይዘጋል። አንቺም ወደ ወተት መመርመሪያው ትዛወሪያለሽ» አለቻት። ዶክተሯ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ይህን ስትናገር የእሷም ዓይን እንባ አቅርሮ ነበር አሉ። ሚስቴ ያን ቀን ቤት ገብታ ከልብስ ስፌት መኪናዬ አጠገብ ተቀመጠችና ምንም አላለችም። እሷ ዝም ስትል ያኔ ነው የፈራሁት።

ዘንድሮ ከተሠሩት ፅንሶች የተወሰኑት፣ ጥቂት ሕዋስ ተወስዶ ተመርምሮ፣ ጂኑ በትክክል የተቆረጠ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ተተከሉ። ከሁሉም የያዘችው አንዲት ጥቁር ፍየል ብቻ ናት። አረማመዷ ትልቅ ሰው ስለሚያስመስላት እሜቴ ይሏታል። ሚስቴ በዚያ ሰሞን እየበረረች ነበር። ግልገሏ አድጋ፣ ወልዳ፣ ታልባ፣ ወተቷን የሚጠጡት ሕፃናት ሳይቀሩ ይታዩዋት ጀመር።

አብራን የምትኖረው እናቴ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን ስትፈልግ የምትውል ሴት ናት፤ ለነገር ግን ዓይኗ አይስታትም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለቻት እየሳቀች።

«ላም አይደለችም እማዬ፤ ፍየል ናት። በሰማይም አይደለችም፤ በረት ውስጥ ናት፤ ይምጡና ይዩዋት» አለቻት ሚስቴ።

«እኔ ፍየል አይቼ አላውቅም? ወልዳ ስትስቂ ላይሽ ነው እንጂ የምፈልገው» አለች እናቴ።

እንዲህ ስንል የአማላጁ ጉድ ወጣ። ፍየል ፅንስ የሚተከልላት አውራ በምትፈልግበት ሰሞን ነው፤ ያንን ቀን ደግሞ ከመሣሪያ ሁሉ በላይ የሚያውቀው አውራ ፍየል ነው። ስለዚህ የዘር ቱቦው የተቋጠረ አንድ አውራ በሴቶቹ መሃል ይለቀቃል። እየዞረ ያሸታል፣ የደረሰችውን ይከተላል፣ ሠራተኞቹም እሱን አይተው ይመዘግባሉ። ማስረገዝ አይችልም፤ ለሌላ ብቻ ነው የሚያጨው። አማላጅ ያሉት ለዚህ ነው።

አማላጁ መንታ ወንድም አለው። ሁለቱም ቡኒ፣ ሁለቱም ጺማም፣ ሁለቱም ዓይናቸው ሰው የሚንቅ። ወንድምየው ግን ያልተቋጠረ፣ ለእርባታ የተቀመጠ ነው። እንዳይምታቱ ለአማላጁ ቀይ፣ ለወንድሙ ሰማያዊ የአንገት ማሰሪያ ሰፍቼላቸዋለሁ። ፅንሶቹ ከመተከላቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ለመዥገር መድኃኒት ሲታጠቡ ማሰሪያዎቹ ወለቁ። መልሰው ሲያስሩ ቀዩ ለወንድሙ ሆነ። ጆሯቸው ላይ ቁጥር አለ፤ ግን ቀይ ማሰሪያ እያለ የጆሮ ቁጥር ማን ያነባል? እንደ ልማዱ ቀዩን ያሠረው ወደ ሴቶቹ ተለቀቀ። ሐሰተኛው አማላጅ ለሌላ ሊያጭ ገብቶ ለራሱ አገባ።

ጉዱ የታወቀው ምንም ያልተተከለላት አንዲት ፍየል በአልትራሳውንድ እርጉዝ ሆና ስትገኝ ነው። ጣቢያው ታመሰ። የእንስሳት ሐኪሙ በበረት ሠራተኞቹ፣ የበረት ሠራተኞቹ በአጣቢዎቹ ማሳበብ ያዙ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሆነና በመጨረሻ ወደ እኔ መጡ።

«ማሰሪያው በቀላሉ ባይወልቅ ኖሮ እኮ…» አለኝ ሐኪሙ።

«ስፌቴን ተወው! እኔ ሰፋሁላቸው እንጂ አላጋባኋቸውም» አልኩት። ደሜ ፈልቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ሰላምታ አልሰጠሁትም።

መከራው የሚስቴ ነበር። ያ ሐሰተኛ ከእሜቴም ጋር ውሏል። የሆዷ ግልገል አንድ መሆኗ በአልትራሳውንድ ታይቷል፤ የማን መሆኗን ግን መሣሪያው አይናገርም። ዶክተሯ በእሜቴ ሆድ መርፌ አስገብቶ ከእንሽርት ውሃው ጥቂት ቀድቶ መመርመር ይቻላል አለች። አደጋ እንዳለውም አልደበቀችም።

«አይሆንም ዶክተር፤ ያለችኝ አንድ ናት፤ በመርፌ አላስነካትም» አለች ሚስቴ።

ዕድሜዋን በመርፌ የኖረች ሴት እንዲህ ስትል ዶክተሯም ሳቀች። «እንግዲያው ቀለሟን እንጠብቅ። የፅንሱ እናትና አባት ነጫጭ ናቸው። ከጥቁሯ እሜቴና ከዚያ ቡኒ አጭበርባሪ ነጭ አይወጣም» አለቻት።

ከዚያ በኋላ ያለውን መጠበቅ አታንሱብኝ። ሚስቴ በየቀኑ «ነጭ ነው የምትሆነው አይደል?» ትለኛለች፤ «አዎ» እላለሁ። «ምን ታውቃለህ?» ብላ ትቆጣለች። ዝም ካልኩ ደግሞ ተስፋ ቆርጠሃል ትለኛለች። በዚያ ሰሞን ደንበኛ ለሱሪ የመረጠውን ቡኒ ጨርቅ ከጠረጴዛዬ አንስታ ቁም ሳጥን ውስጥ ደብቃዋለች፤ ሰውየው ሦስት ጊዜ ተመላልሷል።

እሜቴ ምጥ የያዛት ጠዋት እኔ ያለቁ አረንጓዴ ጋዋኖች ተሸክሜ ወደ ጣቢያው እየገባሁ ነበር። ዘበኛው ከሩቅ እጁን እያወዛወዘ ወደ በረቱ ጠቆመኝ። ስደርስ ሁሉም ተሰብስቧል፤ ዶክተሯ፣ ሐኪሙ፣ ከበግ ክፍል የመጡት ሳይቀሩ። ሚስቴ ጭዱ ላይ ተንበርክካ እሜቴን ጀርባዋን ታሻለች። ፊቷ አመድ መስሏል። አየችኝ እንጂ ያወቀችኝ አልመሰለኝም።

መጀመሪያ የፊት እግሮቿ፣ ቀጥሎ አፍንጫዋ፣ ከዚያ መላ አካሏ ዝልግልግ ብላ ወጣች። ሁላችንም አንገታችንን አሰገግን። ግልገሏ በእንግዴ ልጅ ቅሪትና በደም ተለውሳ ቢጫም፣ ቀይም፣ ቡኒም ትመስል ነበር። አትንቀሳቀስም። አትተነፍስም።

«ጨርቅ!» አለች ሚስቴ።

ማንም ሳይንቀሳቀስ ከላይ ያለውን ጋዋን ከእጄ መነጨቀችው።

«እሱ እኮ አዲስ ነው!» አልኩ። እንዲህ ዓይነት ባል ነኝ፤ ምን ይደረግ። ደግነቱ የሰማኝ የለም።

አፏን በጣቷ ጠራረገች፣ ደረቷን በጋዋኑ አሸቻት፣ የኋላ እግሮቿን ይዛ ወደ ታች ዘቅዝቃ አወዛወዘቻት። እንደገና አስተኛቻትና በአፍንጫዋ እፍ አለችባት። እነዚያ ከፀጉር የቀጠነ መርፌ የሚይዙ ጣቶች እስከ አንጓቸው ተጨማልቀዋል።

«ቀለሟ ምንድን ነው? ይለያል?» አለ ሐኪሙ ከላይ ሆኖ።

«ቀለሟን ተወውና አንገቷን ደግፍልኝ!» ብላ ጮኸችበት። «ተንፍሺ እናቴ፣ ተንፍሺልኝ፣ በሞቴ!»

ሐኪሙም ጭዱ ላይ ተንበረከከ። በልቤ የያዝኩበትን ቂም ያኔ ተውኩት። እኔም በዕድሜዬ እንደዚያ ለምኜ አላውቅም፤ የማንም ትሁን፣ ብቻ ትተንፍስ።

ግልገሏ አስነጠሳት። ቀጥላ ራሷን አራገፈችና በዚያች ትንሽ አካሏ የማይታመን ጩኸት ጮኸች። በረቱ በእልልታ ተናጋ። ሚስቴ በጋዋኑ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አቀፈቻት፤ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ በክንዷ እንባዋን ስትጠርግ ፊቷን ይብስ ታበላሸዋለች።

ስልኬ ጠራ። እናቴ ናት፤ የምጡ ወሬ ቤት ደርሷል። ድምፁን ከፍ አደረግኩት።

«ምን ሆናችሁ? ሞተች ወይ?» አለች።

«ኧረ ተወለደች እማዬ! እየጮኸች ነው፣ አትሰሚም?»

«እሰይ! እሰይ! ማንን ትመስላለች ታዲያ?»

ሁሉም ወደ ሚስቴ እቅፍ ዞረ። ጎንበስ አልኩና የጋዋኑን ጫፍ ገለጥኩት። የታሸው ጀርባዋ መድረቅ ጀምሯል።

«ነጭ ናት» አልኳት ሚስቴን በቀስታ።

«ማን?» አለችኝ።

ግራ ገብቷት አየችኝ። ከዚያ ቁልቁል አየች፤ ግልገሏን ገና አሁን የምታያት ይመስል ከጆሮዋ እስከ ጭራዋ አየቻት። ዶክተሯ አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

«ኧረ ንገሩኝ እንጂ! ማንን ትመስላለች?» አለች እናቴ።

ሚስቴ ስልኩን የያዘ እጄን በአገጯ ወደ ራሷ ሳበችው።

«እኔን፣ እማዬ!» አለቻት። «እኔን!»