ቬሊችካና የታችኛዋ ቀስት

በፈረንጅ አቆጣጠር ኖቬምበር 5 ቀን 2016 ነበር እላለሁ፤ መልሼ ደግሞ እጠራጠራለሁ። ምናልባት ዓመቱ 2017፣ ቀኑም አራት ይሆናል። ቅዳሜ መሆኑን ግን አልስትም። የሙታን ቅዳሜ ነበረች፤ የሰፈሩ ሴቶች በስኳር የተለወሰ የስንዴ ንፍሯቸውን በሳህን ሸፍነው ከመቃብር ይመለሱ ነበር። ሌላም የማልስተው ነገር አለ። ካርሺያካ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ካለው ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ በር ላይ እዚያው የሚኖረው ሽማግሌ ጋሽ ጌንቾ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የገዛ ራሱን የሞት ወረቀት ያነብ ነበር።

«ሰማህ?» አለኝ ዞር ሳይል። «ከሞትኩ ዓመት ሆኖኛል አሉ። እኔ ደግሞ ጉልበቴ ለምን እምቢ እንዳለኝ ስጨነቅ ነበር።»

አጠገቡ ቬሊችካ በእርጥብ ጨርቅ ሌላውን ወረቀት ከመስታወቱ ላይ ትልጣለች። አልሳቀችም። ጥፍሮቿ ሥር ሙጫ ገብቶ ጠቁሯል። እሷም እዚያው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው፤ ወረቀቱን ጠዋት ዳቦ ልትገዛ ስትወርድ አይታ ደውላልኝ ነው የመጣሁት።

በከተማችን በፕሎቭዲቭ በርና ዛፍ ያለ ሙታን ውሎ አያድርም። ሰው በሞተበት ቀን፣ በአርባው፣ በመንፈቁ፣ በዓመቱ፣ ከዚያም ዘመድ እስካስታወሰ ድረስ ፎቶውና ስሙ በጠርዝ ተከቦ ይለጠፋል። ቬሊችካ እነዚህን ወረቀቶች በማተሚያ ቤት ሠላሳ ዓመት ለቅማለች፤ በመጀመሪያ ከእርሳስ ብረት የተቀረጸ ፊደል አንድ በአንድ እያነሳች፣ በኋላ በኮምፒውተር። ማተሚያ ቤቱ ሲዘጋ እኔ የምሠራበት ድርጅት ቀጠራት። ድርጅቱ ሐዘንተኛ ከቤቱ ሳይወጣ ወረቀቱን በስልክ የሚያዘጋጅበት መተግበሪያ ነበር የሚሠራው። ሰው የሟቹን ስም ይጽፋል፣ ፎቶውን ያስገባል፤ ቅርብ ያለ ማተሚያ ቤት ያትመዋል፤ ለጣፊ ዞሮ ይለጥፈዋል። የቬሊችካ ሥራ መተግበሪያውን ለየስልኩ እንደየጠባዩ ማስተካከል ነበር።

የድርጅቱ ባለቤት ክራሰን ይባላል። ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው። ቀኑን ሙሉ ሱፍ ይፈለፍላል፤ ልጣጩን ሌሎቻችን ውሃ በምንጠጣበት ኩባያ ውስጥ ይተፋል። ከእሱ በኋላ ያንን ኩባያ አጥቤ መጠጣት ያቃተኝ ብዙ ቀን ነው።

መስከረም አካባቢ ቬሊችካ ሦስት ሳምንት ጠየቀችው። ለአይፎን የሠራችውን ገጽ ለአንድሮይድ እንደ አዲስ ልትሠራው ነው። ቢሮው ውስጥ ሁላችንም ነበርን።

«እትዬ ቬሊችካ፣ ሁለቱም ስልክ ነው» አላት። «አንዱን በሌላው ላይ ገልብጪና ተገላገይ።»

«ክራሰን፣ ልጄ። ለክርስቲያኑ ወረቀት ጥቁር ጠርዝ እናደርጋለን፣ ለሙስሊሙ አረንጓዴ። ሐዘኑ አንድ ነው። ግን ባሏ ለሞተባት ለአሕመድ ሚስት ጥቁሩን ብትሰጣት ፊትህ ላይ ነው የምትወረውርልህ። ስልክም እንደዚሁ ነው። አይፎን የለመደ ሰው ለመመለስ ጣቱን ወደ ላይኛው ጥግ ይሰዳል። አንድሮይድ የለመደ ከግርጌ ያለችውን ቀስት ነው የሚጫነው፤ ሳያያት። አንተ ያቺን ቀስት ምን እንደምትሠራ አልነገርካትም።»

«የላይኛውን ይጫኑ። ‹ተመለስ› ብለን ጽፈንላቸዋል እኮ። ማንበብ ካቃታቸው ምን እናድርጋቸው?»

«ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ስልኩን ያነበዋል እንዴ? በጣቱ ነው የሚያውቀው።»

«ሦስት ሳምንት ብጠብቅሽ የሙታን ቅዳሜ ያልፈኛል። ሙታኖቹ ደግሞ አይጠብቁሽም» ብሎ ሳቀ። ከንፈሩ ላይ የሱፍ ልጣጭ ተጣብቋል። የሳቁለትም ነበሩ።

ስለዚህ ተገለበጠ። ፕሮግራመሩ ተጣድፎ የታችኛዋን ቀስት «ገጹን ዝጋ» ከሚለው ትዕዛዝ ጋር አሰራት። የመጨረሻውን ገጽ መዝጋት ደግሞ ወረቀቱን ወደ ማተሚያ ቤት መላክ ነበር። መሐል ላይ «እርግጠኛ ነዎት?» የሚል ጥያቄ ነበረበት፤ ክራሰን «ሐዘንተኛ ጥያቄ አይወድም» ብሎ አስወጣው። በሁለቱም ስልክ መሞከርና መፈረም የእኔ ሥራ ነበር። በአይፎኑ ሞከርኩ። የአንድሮይዱ ባትሪ አልቆ ነበር። በሙከራው መዝገብ ሁለቱም ቦታ ላይ ፈረምኩ።

እንግዲህ በዚያች ቅዳሜ ባልዲ ይዤ ከቬሊችካ ኋላ ኋላ ስሄድ ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ዝናቡ ያካፋል። ሙጫው ከውሃው ጋር ተለውሶ ንፍጥ የመሰለ ነገር ክንዴ ላይ ይወርዳል። ወረቀቶቹ አርባ ነበሩ፤ በዛፉ፣ በመብራቱ ምሰሶ፣ በዳቦ ቤቱ በር። ጋሽ ጌንቾ እየቆመ እያረፈ ተከተለን።

«ሚንካ ከሞተች ዓመቷ ነበር» አለ። ሚንካ ሚስቱ ነበረች። «የሷን ወረቀት ጨረስኩ፣ ላክሁ፣ ደህና። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣብኝ።»

«ምን ዓይነት ሐሳብ ነው አሳቢውን የሚገድለው?» አለችው ቬሊችካ።

«ፎቶ የምትመርጥልኝ እሷ ነበረች። አሁን እኔ ብሞት የልጄ ሚስት የመታወቂያዬን ነው የምትለጥፈው፤ በዚያ ፎቶ የፍየል ሌባ ነው የምመስለው። እስቲ ባሕር ኃይል ሳለሁ የተነሳሁት እንዴት እንደሚያምርብኝ ልይ ብዬ በሚንካ ቦታ ስሜንና ፎቶዬን አስገባሁ። አየሁት። አማረብኝ። ከዚያ ልመለስ ብዬ ታችኛዋን ቀስት ነካኋት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሞትኩ። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ስታየኝ አማተበችና ‹ለነፍስህ› ብላ ትኩስ የአይብ ባኒጻ ሰጠችኝ።»

«በላኸው?»

«ምን ላድርግ፣ ለነፍሴ ነው የተባለው።»

እሱ ይቀልዳል እንጂ ነገሩ ቀልድ አልነበረም። የልጁ ሚስት ወረቀቱን በጠዋት አይታለች። እሷ ደግሞ ከሚንካ ሞት ወዲህ «አባባ ጃጅቷል» እያለች እሱን ወደ አረጋውያን መጦሪያ የምትልክበትን ምክንያት ስትፈልግ ነበር፤ ቤቱን ለልጇ ትፈልገዋለች።

ሰኞ ጠዋት ክራሰን ወረቀቱን በቢሮው ግድግዳ ላይ ባለው ትልቅ ስክሪን አሳየን። ወጣት መርከበኛ፣ ባርኔጣው ዘመም ያለ። ክራሰን እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

«አይጨነቅ፣ ለሚቀጥለው ሞቱ በነፃ እናትምለታለን።»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ። ያ ፈገግታ እስከ ዛሬ ከንፈሬ ላይ እንደ ቀዘቀዘ ጮማ አለ።

ከዚያ ተጽፎ የቆየ ደብዳቤ ወደ ቬሊችካ ገፋ። ለቤተሰቡ የሚሄድ ነው። ስህተቱ የደንበኛው መሆኑን፣ ደንበኛውም በዕድሜ ምክንያት ማስተዋሉ እንደ ደከመ ይናገራል። ከሥር ለገጹ ኃላፊ ፊርማ ክፍት ቦታ አለ፣ ለቬሊችካ ማለት ነው።

«ይህ የሚሰጠው ለማን ነው?»

«ለቤተሰቡ አልኩሽ።»

«ለልጁ ሚስት ነዋ። ይዛው ነው ሐኪም ዘንድ የምትሄደው።»

«የሰው ቤት ጉዳይ አያገባኝም። ጡረታሽ ስንት ዓመት ቀረው፣ አራት? በዚህ ዕድሜሽ ማን ይቀጥርሻል? ፈርሚና ሥራሽን ሥሪ፤ ካልሆነ በሩ ያው።»

ቬሊችካ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ የሙከራውን መዝገብ ጠየቀች። ከመደርደሪያው አወረዱላት። ገጹን ገለጠች። ስሜ እዚያ ነበር፣ በሰማያዊ ቀለም፣ ሁለት ጊዜ። አንዲት ቃል ብትናገር ጥፋቱ ከእሷ ወርዶ እኔ ላይ ያርፍ ነበር፤ አራት ዓመቷም አይነካም። ጣቷ ገጹ ላይ ቆየ። ዘጋችው።

«ምን አገኘሽ?» አላት ክራሰን።

«ምንም» አለች። «ክራሰን፣ ሠላሳ ዓመት የሙታን ስም ለቅሜአለሁ። ተሳስቻለሁም፤ አንዱን በሌላው ጠርዝ ውስጥ ከትቼ አውቃለሁ። ግን ስህተቴን ሟቹ ላይ አላክኬ አላውቅም። ይሄ ደግሞ በሕይወት ያለ ሰው ነው።»

ደብዳቤውን ገልብጣ በጀርባው በእጇ ጻፈች፤ ስህተቱ የመተግበሪያው እንደሆነ፣ ሽማግሌው የጫነው አንድሮይድ የያዘ ሰው ሁሉ የሚጫነውን ቀስት እንደሆነ። ስሟን ጽፋ ፈረመች። አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ያ ድርጅቱን አይወክልም» አላት።

«ጋሽ ጌንቾን ይወክለዋል።»

ከጠረጴዛዋ የወሰደችው ከማተሚያ ቤት ያመጣችውን የብረት ማስመሪያ ብቻ ነው፤ ይዛው ወጣች። ሌላው ሰው ሁሉ ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ተከለ። ክራሰን ሱፉን ፈለፈለ። ያ ድምፅ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚለው፣ አሁንም አውቶቡስ ውስጥ ሰው ሱፍ ሲበላ ቦታ ያስቀይረኛል።

ልከተላት እስክወስን ጊዜ ፈጀሁ። ደረጃውን ስወርድ የምጠይቃትን በልቤ አዘጋጀሁ። ስሜን አይተሽ ነው ወይስ ሳታዪ? አይተሽ ከሆነ የዘለልሽኝ አዝነሽልኝ ነው ወይስ ተጸይፈሽኝ?

ፌርማታው ላይ ደረስኩባት፣ ማለትም ከመንገዱ ማዶ። ቅዳሜ ያመለጠን አንድ የጌንቾ ወረቀት ከፌርማታው መስታወት ላይ ነበር፤ በማስመሪያዋ ጠርዝ ቀስ ብላ ስታነሳው አየሁ፤ ፎቶው እንዳይቀደድ ነው የተጠነቀቀችው። መኪናዎቹ አላሳልፍ አሉኝ። «ቬሊችካ» ብዬ ጠራሁ፤ አውቶቡሱ መሐላችን ገባ። ሲሄድ ፌርማታው ላይ ማንም አልነበረም።