ስታርች የነካው ቅጠል

አክስቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። አባቴን በአራት ዓመት ትበልጠዋለችና እርሱ ጠጉሩ ሸብቶ እንኳ «እትዬ» ነበር የሚላት። የስፌት መኪናዋ የተቀመጠው ወደ ጓሮ በሚያሳየው መስኮት ሥር ነው። ክር በተበጠሰባት ቁጥር ቀና ትልና ድንቿን ታያለች።

ድንቿ ስል ርዝመቷ ሃያ እርምጃ የማይሞላ አንዲት መደብ ናት። ዘሯ ከእናታቸው የቀረ፣ ልጧ ቀይ፣ ውስጧ ቢጫ፤ በቤታችን ስሟ «ቀይቱ» ነበር። ሴት አያቴ ካረፉ ወዲህ ከእጃቸው የተረፈ ሕይወት ያለው ነገር እርሷ ብቻ ነበረች።

እኔ በዚያን ጊዜ አስተማሪ ነበርሁ፤ የምኖረውም ከእነርሱ ጋር ነው። ቀይቱ በዓይናችን ፊት እያነሰች መጣች። ጭብጥ ታህል የነበረችው እንቁላል አከለች፤ ከዚያም ብይ።

«እትዬ፣ አርጅታለች» አለ አባቴ አንድ ቀን። አናጢ ነው፤ ጣውላውን የሚያሳርፍበት ቦታ ቸግሮታል። «ሰውም ያረጃል፣ ዘርም ያረጃል። ነቅለን እንጣላትና ቦታው ለጣውላዬ ይሁን።»

«አንተስ አርጅተህ የለም እንዴ? ማን ነቅሎ ጣለህ?»

ሳቀ፤ ከሐሳቡ ግን አልተመለሰም። «እሺ፣ ይህን አንድ ምርት እጠብቃለሁ። ብይ ካፈራች ግን ጣውላዬ ይገባል።»

«ይግባ» አለች አክስቴ፤ መኪናዋንም ከወትሮው አጥብቃ ረገጠችው።

ድንቹ ሊያብብ ሲል ከእርሻ ምርምር ጣቢያ አንዲት ባለሙያ የነጭ ጋዋኗን ኪስ ልታስጠግን መጣች። ኪሱን የቀደደው ሁልጊዜ ይዛው የምትዞረው አጉሊ መነጽር ነው። አክስቴ እየሰፋች ስለ ቀይቱ እርጅና አጫወተቻት።

«እማማ፣ ድንች አያረጅም፤ ይታመማል እንጂ» አለች ልጅቱ። ወደ ጓሮ ወጡ፤ እኔም ተከተልሁ። ባለሙያዋ አንዱን ቅጠል ገልብጣ አሳየችን። ከሥሩ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያህሉ አረንጓዴ ነገሮች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል።

«ክሽክሽ የሚባል ተባይ ነው። እንደ መርፌ በሾለ አፉ የበሽተኛውን ተክል ፈሳሽ ይመጥና የበሽታውን ቫይረስ ለጤነኛው ያቀብላል።»

«እኛ ፈቃድ አውጥተን እንሰፋለን፤ እነዚህ በጓሮ ገብተው!» አለች አክስቴ። ከዚያ ወደ ላይ እንደ አሸንዳ የተጠቀለለ አንድ ቅጠል በሁለት ጣቶቿ ያዘች። ቅጠሉ ተንኮሻኮሸ። «እንዴ! ይኼ ስታርች ነክቶታል። የሸሚዝ ኮሌታ ነው የሚመስለው።»

ባለሙያዋ ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ግን ገታችው። «እማማ፣ እውነትም እኮ ስታርች ነው! ቫይረሱ የቅጠሉን ምግብ መውረጃ ይዘጋበታል። ምግቡ እዚያው ተከማችቶ ቅጠሉን ያገርረዋል፤ ታች ያለው ድንች ይራባል። ለመሆኑ ለዘር የሚያስቀምጡት የትኛውን ነው?»

«ትንሽ ትንሹን ነዋ! ትልቁንማ ማን ይቀብራል? ለድስት ነው።»

ልጅቱ ወደ አክስቴ ዞረች። «ትንንሾቹ አብዛኛውን ጊዜ የበሽተኞቹ ልጆች ናቸው።»

አክስቴ ባለችበት ቁጢጥ አለች። «ወይ እኔ! ይህን ሁሉ ዓመት በሽታውን እየመረጥሁ ስተክለው ኖሬአለሁ በይኛ!»

ልጅቱም ጎንበስ ብላ መከረቻት፤ ጤነኞቹ ላይ ምልክት ያድርጉ፣ የታመመውን ከነክሽክሹ በከረጢት አድርገው አርቀው ያስወግዱ፣ ለዘር የሚያስቀምጡት ምልክት ካለበት ብቻ ይሁን። የዘር ድንች የሚቆረጥበት ቢላዋም ነገር አለው። ከቫይረስ ያነሰ፣ ቫይሮይድ የሚሉት፣ ድንቹን እንደ እንዝርት የሚያሾል በሽታ አለ፤ እርሱ በተነካካ ቢላዋ ይተላለፋል።

«ከቫይረስም ካነሰ ምኑ ቀረው? ስሙ ብቻ ነው እኮ!» ብትልም አክስቴ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ የድንቹ ቢላዋ በረኪና በረኪና ይሸት ነበር።

ከተማሪ ዩኒፎርም ቁርጥራጭ አርባ ሰማያዊ ጥብጣብ አዘጋጅታ፣ ጤነኛ መስለው በታዩት አርባ ተክሎች ላይ አሰረች።

«እትዬ፣ ድንች ልትድሪ ነው?» አለ አባቴ።

«አዎን፤ አንተ ሚዜ ነህ፤ ጫማህን ጥረግ!»

በየጠዋቱ ወደ መኪናዋ ከመቅረቧ በፊት ቅጠሎቹን እንደ ጨርቅ ትዳስሳቸዋለች። ዓይን ምንም ሳያይ ጣቷ ያውቅ ነበር። የገረረ ካገኘች ጥብጣቡን ፈትታ ኪሷ ትከተዋለች፤ ተክሉን ትነቅላለች። የመጀመሪያውን ስትነቅል «እማዬ፣ ይቅር በይኝ» ስትል ሰምቻታለሁ። አርባው ሃያ ሆነ፤ ሃያው ዘጠኝ። መደቡ እንደ ወላቃ ጥርስ እዚህም እዚያም ባዶ ሆነ። አባቴ ሜትሩን ይዞ ብቅ ይላል፤ ባዶውን ለክቶ ይመለሳል።

አንድ ቀን ግን ሜትሩን አንገቱ ላይ እንደ ሻርፕ አንጠልጥሎ፣ ጎንበስ ብሎ ቅጠል ሲዳስስ አገኘሁት።

«እትዬ! ይህቺ የጥጓ፣ ጎረቤቶቿ ሁሉ ተነቅለው እርሷ ለስላሳ ናት። ክሽክሹ ግን ወርሯታል።»

አክስቴ በእጇ መቀስ እንደያዘች ሮጣ ወጣች። እውነትም ቅጠሏ እንደ ታጠበ ጥጥ ነው። ባለሙያዋ ናሙና ወሰደች፤ ከጥቂት ቀን በኋላም ተመልሳ «ቫይረሱ አልተገኘባትም» አለችን። «የምትቋቋም ዓይነት ልትሆን ትችላለች፤ ዕድለኛም ልትሆን ትችላለች። ለብቻዋ እየተከልን ሁለት ሦስት ምርት እንያት።»

የመቆፈሪያው ቀን ደረሰ። አክስቴ በመጀመሪያ፣ ቅጠላቸው ባይገርርም ቀጭጨው ስለ ነበር ጥብጣብ ያላገኙትን ቆፈረች፤ ብይ በብይ። አባቴ ሜትሩን ከኪሱ አወጣ። ቀጥላ ወደ ዘጠኙ ሄደች፤ የጥጓን ለመጨረሻ አቆየቻት። የጥጓን አፈር በእጇ ስትገልጠው ቀይ፣ ጭብጥ የሚያህል ድንች ወጣ፤ ከሥሩ ሌላ፤ ከእርሱም ሥር ሌላ። አባቴ አንዱን አንሥቶ በመዳፉ መዘነው፤ አፈሩን በሸሚዙ ጠረገለት።

«የእማዬ ድንች» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከዚያ ደግሞ፥ «ለምሳ ምን ያምር ነበር!»

«እጅህን ሰብስብ! ትልቁ ለመሬት፣ ትንሹ ለእኛ ነው።»

በዚያን ዕለት ምሳችን የተቀቀለ ብይ ነበር። ልጡን መላጥ ከመብላቱ ይበልጥ ጊዜ ወሰደብን፤ እየሳቅን በላን።

በማግሥቱ ጠዋት የመዶሻ ድምፅ ሰምተን ወጣን። አባቴ በሚሳሳለት ደረቅ ጣውላው ከጓሮው ግድግዳ ጋር ባለ አራት እርከን መደርደሪያ እየመታ ነበር፤ የዘር ድንች ብርሃንና ነፋስ እንደሚወድ ባለሙያዋ ነግራው ኖሯል። ለጥጓ ተክል ልጆች የላይኛውን እርከን ለብቻው ከልሎላቸዋል።

አክስቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች። «ምንድን ነው ይኼ?»

«ጣውላዬ ይገባል ብዬሽ አልነበር?» አላት፤ ሚስማሩን በከንፈሩ እንደያዘ። «ይኸው ገባ።»