በጋሽ ሚሊሜትር ደረት ላይ የበራው ነገር

ሰፈሩ ጋሽ ሚሊሜትር ይላቸዋል። ልብስ ሰፊ ናቸው። የሰፉት ኮት ካልተስተካከለ ደንበኛውን «አንተ ነህ የተጣመምከው» ብለው ይመልሱታል እንጂ ጥፋት አይቀበሉም። እንዲህ ያሉት ሰው እንግዲህ ብቻቸውን ያሳደጓት አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው። እሷም ከወንድ ሁሉ መርጣ የወደደችው፣ ከሱቃቸው ፊት ለፊት ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ የሚሸጠውን ጎረምሳ! «እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም» አሏት። ይኸው ሁለት ዓመት፣ ወይ ፍንክች።

የታይሮይድ ካንሰራቸው ባለፈው ዓመት በቀዶ ጥገና ወጥቷል። ቅሪት እንዳለ ለማወቅ ግን በየጊዜው በካሜራ መታየት አለባቸው። ለዚህ ሲባል በወጣው ታይሮይድ ምትክ የሚውጡትን የዕለት ክኒን ለሳምንታት ያቆሙና ጨረር ያለው አዮዲን ይውጣሉ። ካንሰሩ የተደበቀበት ቦታ ካለ አዮዲኑ እዚያ ይሰበሰብና ካሜራው ላይ ያበራል። ክኒን ማቆሙ ብርድ ለቀቀባቸው፤ ፀሐይ አናት እየበሳ እሳቸው በወፍራም ሰደርያ ይንቀጠቀጣሉ። አዮዲኑን ሲውጡ ቤት አርፈው እንዲቀመጡ ተነግሯቸው ነበር። ማን ሰምቶ! ቀጠሮ የተሰጠበት ኮት ስላለ ሱቃቸውን ከፍተው ሲሰፉ ዋሉ።

የካሜራው ቀን ደርሶ ልጃቸው ሆስፒታል ወሰደቻቸው።

«ሰደርያውን ያውልቁት፣ ጋሼ» አለች ቴክኒሻኗ።

«ብርድ ሊገድለኝ ነው! ብረት ፈርተሽ እንደሆነ የሰካሁበትን መርፌ ሁሉ ነቅያለሁ፤ ይኸው።»

ደግ ልጅ ናትና ተወቻቸው። ይሄ ደግነት የሚሉት ነገር ስንቱን ጉድ ሠራ!

ካሜራው ከአናታቸው እስከ እግራቸው ቀስ እያለ አለፈ። ስክሪኑ ላይ፣ በግራ ደረታቸው በኩል፣ አንድ ነጥብ ቦግ አለ። ቴክኒሻኗ ፊቷ ተለዋወጠ። «ነገ እንደገና እናነሳዎታለን፤ ሐኪሙም ያይዎታል» ብላ አሰናበተቻቸው። ጋሽ ሚሊሜትር ደግሞ ፊት ማንበብ ያውቃሉ። አለቀልኝ አሉ።

ቤት እንደገቡ አልጋ ላይ ወጥተው ልጃቸውን ጠሩ።

«ልጄ፣ ያንን ነጋዴ አግቢው።»

«አባዬ!»

«አግቢው አልኩሽ። እኔ እንግዲህ መንገደኛ ነኝ። ብቻሽን ቀርተሽ ከማይ የፈለገውን ጆንያ ይሽጥ።»

ተቃቅፈው ተላቀሱ። እውነት ለመናገር ኑዛዜው አምሮባቸው ነበር፤ ራሳቸውም ሳይታወቃቸው አልቀረም። ሲጨርሱ ቀለል ብሏቸው እንቅልፋቸውን ለጠጡ።

በማግሥቱ ሐኪሙ ልብሳቸውን በሙሉ አስወልቆ የሆስፒታል ጋዎን አለበሳቸውና ካሜራው ስር አስተኛቸው። አንገት ንጹሕ፣ ደረት ንጹሕ! ሐኪሙ ግራ ቢገባው ሰደርያውን ብቻውን አልጋው ላይ አጋደመው። ሰደርያው ሆዬ፣ ቦግ!

ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ አየው። በግራ በኩል፣ መርፌ የሚሰኩበት ጨርቅ ላይ፣ የክር ቁርጥራጮች ተንጠልጥለዋል።

«ክሩን በምንድን ነው የሚያረጥቡት?»

«በምላሴ ነዋ! በምን ላርጥበው?»

«አዮዲኑ በምራቅ ይወጣል፣ ጋሼ። ያየነው ምራቅዎን ነው።»

ጋሽ ሚሊሜትር እግዜርን ማመስገን ሲገባቸው ቱግ አሉ። «በምራቄ ነው እንዴ የተናዘዝኩት? በምራቄ ነው ልጄን የዳርኩት?»

ኮሪደሩ ላይ ልጃቸው ቆማ ትጠብቃለች። «ምንም የለብኝም! ምራቅ ነው!» አሏት። «ተመስገን! ተመስገን!» እያለች አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ቀጥሎ ግን እጆቿ ላላ አሉ።

«አባዬ… የትናንቱ ነገርስ?» አለች።

«ተይው የትናንቱን» ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ነበር። ከዚያ ፊቷን አዩት። ልጅቷ በአባቷ መዳን ደስ ለማለት ፈርታለች። በእሳቸው ላይ ነጥብ ሲበራ ያገኘችውን ነገር፣ ነጥቡ ሲጠፋ ልታጣው ነው። ዓይኗ ውስጥ ያንን አዩትና አፈሩ።

ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጁ ነገ ሱቅ ይምጣ» አሉ፣ የተቆጡ እየመሰሉ። «ልኩን እወስዳለሁ። ከሱቁ ያወረደውን ለብሶ ሰርጉ ላይ ከቆመ ግን አልመርቅም፤ ንገሪው!»

ልጅቷ ኮሪደሩ ላይ ዘርፈጥ ብላ ተቀመጠች፤ አባቷ በመዳናቸው ገና ያን ጊዜ እንደ ልቧ አለቀሰች።