ሁላችንም እንግዶች የሆንንበት ቅዳሜ

ኦንታሪዮ ውስጥ፣ ኖርዝ ዮርክ ባለው ቢሮአችን ስብሰባ ከመጀመሩ በፊት ያለንበት መሬት የማን እንደሆነ የሚገልጽ ጽሑፍ ይነበባል። የነባር ሕዝቦቹ ስም በተራ ይጠራል፤ አንገታችንን ደፍተን እንሰማለን፤ ከዚያ ወደ ፕሪንተሩ ጉዳይ እንገባለን። ከሥራ የሚቀነሱ ሰዎች በተነገሩበት ቀንም ተነብቧል። አለቃችን መሬቱን በታላቅ ክብር አመስግኖ ሲያበቃ ባልደረቦቼን ከዚያው መሬት ላይ አስነሳቸው።

ስለዚህ እናቴ በምትኖርበት ሕንፃ ሊፍት ውስጥ «መሬቱንና ነባር ሕዝቦቹን በአክብሮት እንወቅ» የሚል የቅዳሜ ዝግጅት ማስታወቂያ ሳይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያሰብኩት ስለ መሬቱ አልነበረም። ያሰብኩት ስለ እናቴና ስለ አበልጇ ጠብ ነው።

እናቴ ያለችው ቶርንክሊፍ ፓርክ ነው። አበልጇ፣ ማለትም የእኔ የክርስትና እናት፣ እዚያው ሕንፃ ከእሷ በላይ ይኖራሉ። ከሱዳን ተያይዘው የመጡ፣ እኔን ተጋግዘው ያሳደጉ፣ አንዷ ሐኪም ቤት ስትገባ ሌላዋ ቦርሳ ይዛ በር ላይ የምትጠብቅ ሴቶች ነበሩ። ከተኳረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። የተጣሉት በአንዲት ከተማ ምክንያት ነው። ስሟን አልጽፍም፤ ብጽፍ ግማሹ አንባቢ እዚህ ላይ ገጹን ይዘጋብኛል። ሁለቱም ከወጣትነታቸው ወዲህ ዓይኗን አላዩም። ስልካቸው ላይ ግን በየቀኑ የሚጮሁ ሰዎች አሉ። የእናቴ ሰውዬ ከተማዋ የእኛ ናት ይላል፤ የክርስትና እናቴ ሰውዬ የለም የእኛ ናት ይላል፤ ሰውዬዎቹ ሁለቱም የሚኖሩት አሜሪካ ነው። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ እናቴ «እናንተ እኮ እዚያ እንግዶች ናችሁ» አለቻቸው። አባታቸውን እዚያ ለቀበሩ ሴት። የክርስትና እናቴ ፌርማታቸው ሳይደርስ ወረዱ።

ቄስ ልኬ ነበር። እናቴ አብልታ አጠጥታ፣ መስቀል ተሳልማ ሸኘቻቸው፤ ስለ ጉዳዩ ግን ትንፍሽ አላለችም። አሁን ደግሞ ጊዜው አለቀብኝ። የክርስትና እናቴ ቤታቸውን ለቅቀው በአውሮፕላን የሚኬድበት ኤድመንተን ልጃቸው ጋ ሊገቡ ነው። ሳይታረቁ ከሄዱ በዚህ ዕድሜ ዳግመኛ አይገናኙም፤ የሚቀራቸው አንዷ የሌላዋን ሞት በስልክ መስማት ብቻ ነው። ይህን እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ።

ለየብቻ ነግሬ አመጣኋቸው። እናቴን «ማሚ፣ ፕሮግራሙ ላይ ምሳ አለ» አልኳት። የክርስትና እናቴን «እትዬ፣ ከመሄድዎ በፊት አንድ ቀን እንኳ አብረን እንዋል» አልኳቸው።

ዝግጅቱ ወንዙ ዳር እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ ዘነበ። ስለዚህ ከመሬቱ ጋር የተገናኘነው ምንጣፍ በለበሰ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ከእግራችን በታች ያለው ደግሞ መኪና ማቆሚያ ነው። አስተባባሪዋ ወጣት ናት፤ አክብሮት በዝቶባት በሹክሹክታ ነው የምታወራው። የክብር እንግዳዋ ከሰሜን ኦንታሪዮ የመጡ፣ ከነባር ሕዝቦቹ አንዱ የሆነው የአኒሺናቤ ሕዝብ አዛውንት ናቸው። ባለ ኮፍያ ሹራብና ስኒከር አድርገው፣ ፓርኪንግ አጣሁ ብለው እየተነጫነጩ ገቡ። አስተባባሪዋ ቅር ያላት መሰለኝ፤ ቢያንስ ላባ ሳትጠብቅ አልቀረችም።

ወንበሮቹ በክብ ተደርድረዋል። የክርስትና እናቴ እናቴን ሲያዩ ዓይናቸውን ወደ በሩ ላኩ፤ ግን አዛውንቷ ንግግር ጀምረዋል፤ ትልቅ ሰው እየተናገረ ጥሎ መውጣት ደግሞ ነውር ነው። ማዶ ተቀመጡ። እኔን ያዩበት አስተያየት ለብቻው ቅጣት ነበር።

መጀመሪያ ትምባሆ በሳህን ዞረ፤ ለመሬቱ ምስጋና የሚቀርብ ነው ተባለ። እናቴ እጇን ሰብስባ ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። ማዶ የክርስትና እናቴም ከተቱ። ትምባሆ! በቤተ ክርስቲያን ሰው እጅ! ሁለቱም ደንግጠው ቀና ሲሉ ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ከጠቡ ወዲህ የተስማሙበት የመጀመሪያ ነገር ይኸው ነው። አዛውንቷ ሳቁና «አጭሱት አላልናችሁም እኮ፤ ካልፈለጋችሁ ይለፋችሁ» አሉ።

ቀጥሎ የቡጢ ያህል ድንጋይ መጣ። ድንጋዩን የያዘ ሰው ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል። ሁሉም የመጣበትን መሬት ይጠራና ያመሰግናል። አስተባባሪዋ «እዚህ መሬት ላይ ሁላችንም እንግዶች ነን» ስትል ለእናቴ ተረጎምኩላት። «እውነቷን ነው» ብላ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ መነቅነቋን አቆመች።

«የመጣህበት መሬት የት ነው?» የሚለው ጥያቄ እኛ ዘንድ በቀላሉ አይታይም። ቀበሌህን ስትናገር ወገንህን ተናገርክ ማለት ነው። ከኛ በፊት ድንጋዩ የደረሳቸው ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ያገራችን ሰው ናቸው። ግራ ቀኝ አዩን፤ ማን የማን ወገን እንደሆነ አልለይ ሲላቸው «እኔ የኤግሊንተን ዌስት ሰው ነኝ» አሉ። «ያንን መንገድ ስንት ዓመት ቆፈሩት! መሬቱ ተሰቃየ፣ እኛም ተሰቃየን።» አስተባባሪዋ «የመሬቱ ስቃይ» ብላ ደረቷን ይዛ ደገመችው።

ከዚያ ድንጋዩ እናቴ እጅ ገባ። ኢትዮጵያ ብላ ለእኔ የምታሳልፈው መስሎኝ እጄን ዘርግቼ ነበር። እሷ ግን ድንጋዩን አየች፤ በክብ የተቀመጡትን ትልልቅ ሰዎች አየች፤ አበልጇን አየች። በእኛ ወግ ሽማግሌ በተቀመጠበት፣ የበደሉት ሰው ፊት፣ ድንጋይ የያዘ ሰው የሚያደርገው የታወቀ ነው። ተሸክሞት ይቅርታ ይለምናል፤ የሚያወርድለትም የተበደለው ነው። እናቴ ተነሳች። ክቡን በመሃል አቋርጣ ሄደች፣ ድንጋዩን ማጅራቷ ላይ አደረገች፣ አበልጇ ፊት ጎንበስ አለች።

«ማሚ!» አልኩ።

አስተባባሪዋ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ «በጣም ፓወርፉል ነው፤ ቪዲዮ ማንሳት ይቻላል?» አለችኝ።

«አይቻልም።»

የክርስትና እናቴ ንቅንቅ አላሉም። ፈራሁ፤ እናቴን እምቢ ካሏት ከዚያ ወዲያ ቀና ብላ እንደማትሄድ አውቃለሁ። አስተባባሪዋ ለአንድ ሰው የተመደበውን ሰዓት ልታስታውስ አፏን ስትከፍት አዛውንቷ በእጃቸው አስቆሟትና ወደ ክርስትና እናቴ ዞሩ። «የሆነውን አላውቅም፤ መወሰኑም ያንቺ ነው» አሉ በእንግሊዝኛ፤ «ግን ድንጋዩ ይከብዳል።»

«አባቴ እንግዳ ነው?» አሉ የክርስትና እናቴ በመጨረሻ፣ በአማርኛ።

«አይደለም» አለች እናቴ እንዳጎነበሰች። «ያገሩ አፈር ነው። ክፉ ተናግሬሻለሁ፤ ይቅር በዪኝ።»

ድንጋዩን በሁለት እጃቸው አነሱላት። «ይቅር ለእግዜር» አሉ፤ ተቃቅፈው ተላቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ የኤግሊንተን ዌስቱ ሰውም አለቀሱ። ክቡ አጨበጨበ። በኋላ የአዘጋጆቹ ድረ ገጽ ላይ «ኢትዮጵያውያን እናቶች ለመሬት የሚያቀርቡትን ጥንታዊ የምስጋና ሥርዓት አካፈሉን» ተብሎ ወጣ። አላረምኩትም፤ ቢያንስ ሥርዓት ነው ብለዋል።

ስንወጣ እናቴን «ድንጋዩን የሰጡሽ እኮ እንድትናገሪ ነው» አልኳት።

«ድንጋይ አስይዘውኝ ምን ልናገር?» አለች።

ሦስታችንም አንድ ሊፍት ውስጥ ገባን። እናቴ የአበልጇን እጅ አልለቀቀችም። «ኤድመንተን ብርዱ አይቻልም ይላሉ፤ ምን ወሰደሽ? ቅሪ» አለቻቸው።

«ቤቱን ለቅቄያለሁ፤ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል።»

«ለምን ለቀቅሽ?»

«የማናግረው ሰው አልነበረኝማ» አሉ።

ሊፍቱ እናቴ ፎቅ ላይ ቆሞ ተከፈተ። እናቴ አልወረደችም፤ ዕቃ ልታስርላቸው አብራቸው ወደ ላይ ወጣች።