የአጎቴ የጺም ብሩሽ

አጎቴ ያን ጠዋት ነገሩን አውቆብኝ ነበር ወይስ አላወቀም?

ሃይ ማላካል በሚባለው ሰፈር ባለው ግቢያችን በየማለዳው ኒም ዛፉ ላይ ከሰቀላት መስታወት ፊት ይቆምና የጺም ብሩሹን ሳሙናው ላይ ያሽከረክር ነበር። እጀታውን አንድ አናጢ ከማሆጋኒ እንጨት ጠርቦ የሠራለት ነው። በሰሊጥ ዘይት ይወለውለውና መዳፉ ላይ እያገላበጠ፣ «እንዲህ ያለውን ሱልጣንም የለው» ይላል። ማንም እንዲነካበት አይፈቅድም።

እኔ በሠላሳ ዓመቴ ትምህርት ስጀምር፣ ደብተሮቼን ለመለበድ በዚያው ብሩሽ የዱቄት ሙጫ ቀባሁ። ደጋግሜ አጥቤ ዛፉ ላይ ወደሚሰቀልበት ሚስማር መለስሁት። በማግስቱ አጎቴ ፊቱን አረፋ አልብሶ፣ «አንቺ ተማሪ፣ ሳሙናው ዛሬ ኩወይስ፣ ደህና ነው፤ እንዴት ይዟል እባክሽ» አለኝ። አንገቴን ደብተሬ ውስጥ ቀበርሁ።

ካረፈ በኋላ ባለቤቱ ብሩሹን ለእኔ ሰጠችኝ፤ ዛፉ ላይ የቀረው ሚስማሩ ብቻ ነው። ብሩሹ መዳፌ ላይ እንዳረፈ አላስቻለኝም፣ የሙጫውን ነገር ተናዘዝሁላት።

በነጠላዋ አፏን ሸፍና እስኪበቃት ሳቀች።

«ውይ ልጄ» አለችኝ፣ «እኔስ ስንት ዓመት ሙሉ ዳቦዬን እንቁላል የቀባሁት በምን ይመስልሻል?»