የበረንዳው መብራት

ቨርና ታትል ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። በሰሜን ካሊፎርኒያ ኮረብቶቻችን ላይ ካናቢስ የሚባለውን ዕፀ ፋርስ ማብቀል የጀመረችው የፖሊስ ሄሊኮፕተር ድምፅ ሲሰማ ሁሉም ዛፍ ሥር በሚደበቅበት ዘመን ነው። አሁን ሥራው ሕጋዊ ሆኖ ፈቃዷ ወጥ ቤቷ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ባሏ ሮይስ ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ በአንድ የነሐሴ ምሽት፣ የውሃ ፓምፑን ሊጠግን ወደ ወንዙ ወረደ። አልተመለሰም። ፈላጊዎቹ የእጅ ባትሪውን እንኳ አላገኙም። ከዚያ ወዲህ የበረንዳው መብራት ጠፍቶ አያውቅም።

ማሳዋ ከቤቱ ርቆ ስለነበር መብራቱ ተክሎቹን አልጎዳም። ዘንድሮ ግን ማሳውን ያጠጣ የነበረው የላይኛው ምንጭ ደረቀ። የቀረው ቤቱ አጠገብ ያለው የጉድጓድ ውሃ ብቻ ስለሆነ፣ ችግኞቹን ሁሉ በረንዳው ፊት ለፊት ተከለች።

ሰኔ ላይ፣ ቀኑ ማጠር ሳይጀምር፣ ጫፍ ጫፋቸውን ቆረጠች። ጫፉ የተቆረጠ ተክል ሽቅብ መሮጡን ትቶ ወደ ጎን ይሰፋል። ከዚያ ፀሐይ ሁሉንም እንድታገኝ ቅርንጫፎቹን ቀስ እያለች ወደ ታች ጎትታ ከካስማ ጋር አሰረቻቸው። ሽቦ ልጡን ስለሚቆርጥ የምታስረው በጨርቅ ነው። ጨርቁ የሮይስ ሸሚዝ ነው። በየዓመቱ አንድ ትቀድዳለች። ዘንድሮ የመጨረሻውን ቀደደች።

ነሐሴ ተጋመሰ። የጎረቤቶቿ ተክል ሁሉ አበባ ያዘ። የእሷ ቅጠል ብቻ ያወጣል።

ከሸለቆው ማዶ የሚኖረው ኦዴል ፕሩት መጥቶ አጥሩን ተደገፈ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ጎመን ነው እንዴ የተከልሽው?»

«አፍህን ያዝ፣ ኦዴል።»

«ሥራውን ያስተማርሽኝ እኮ አንቺ ነሽ። ሌሊቱ ካልረዘመላቸው አያብቡም። አንቺ ደግሞ ጭራሽ ሌሊት ነፈግሻቸው።»

«አንድ ደብዛዛ አምፖል ነው።»

«ለእነሱ ፀሐይ ነው። በመስከረም መጨረሻ ዝናቡ ሲመጣ ምን ልትሰበስቢ ነው? ሻጋታ? ዘንድሮ ካላመረትሽ መሬቱን እንደምትሸጪ ራስሽ ነግረሽኛል።»

ቨርና አንዱን እስር ፈትታ መልሳ አጠበቀችው።

«ሮይስ ሲመጣ በምን አይቶ ይወጣል?»

ኦዴል ባርኔጣውን አወለቀ።

«መሬቱ ከተሸጠስ፣ ቨርና፣ የሚመጣው ማን ቤት ነው?»

የዚያን ዕለት ሲመሽ ቨርና መብራቱን አጠፋችው።

በረንዳው ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ የገዛ እጇ እንኳ አልታያትም። ዓይኗ ጨለማውን ሲለምድ፣ ታች ወንዙ ዳር፣ ፓምፑ ባለበት ቦታ፣ ትንሽ ቢጫ ብርሃን አየች። ይቆማል። ትንሽ ፈቀቅ ይላል። ደግሞ ይቆማል። ሰው ጎንበስ ብሎ ሲሠራ የያዘው ባትሪ ይመስላል።

ጠዋት ኦዴልን ይዛ ወረደች። ፓምፑ ዝጓል፤ እሾህ ውጦታል። እሾሁን የጣሰ ሰው የለም። የእግር ዱካም የለም።

«የመኪና መብራት ይሆናል፤» አለ ኦዴል።

በዚያ በኩል የመኪና መንገድ የለም። ሁለቱም ያውቃሉ።

ብርሃኑ በየምሽቱ ነበር። እሷም በየምሽቱ ጨለማ ውስጥ ተቀምጣ አየችው። አልተጣራችም። መስከረም ሲገባ የቅርንጫፎቹ አንጓ ላይ ነጫጭ ፀጉሮች ብቅ አሉ፤ አበባው ጀመረ። ከዚያ እየከበደ ሄዶ የሸሚዙን ቁራጮች ወጠራቸው። አንዱም አልተበጠሰም።

ዝናቡ ዘንድሮ ዘገየ። የጥቅምት መጨረሻ ላይ መጣል ሲጀምር፣ የመጨረሻው ቅርንጫፍ ማድረቂያው ቤት ውስጥ ተሰቅሎ ነበር። መሬቱ ተረፈ። ኦዴል ቆረጣውን ሲያግዝ ውሎ ነበርና በረንዳው ላይ ቆሞ እጁን ጠረገ።

«በይ እንግዲህ፣ ማሳው ባዶ ነው። አሁን አብሪው።»

ቨርና እጇን ወደ ማብሪያው ሰደደች። ጣቷን አሳረፈችበት። ከዚያ እጇን ሰበሰበች።

«ካበራሁት የእሱን አላየውም፤» አለች።

ኦዴል ሁልጊዜ ወደ ቤቱ የሚሄደው ወንዙን በእግር አቋርጦ ነው። ያን ምሽት ግን በዝናብ፣ ወደ ወንዙ ሳይወርድ ኮረብታውን በሙሉ ዞሮ ሄደ።