ሽማግሌዎቹ የተቀመጡ ዕለት

የወንድሜ የኤርሚያስ የቤዝቦል ጓንት ዛሬም ቴምቢሳ በሚባለው ሰፈር ባለው ሱቁ ውስጥ፣ ከሻማው ካርቶን በላይ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ቆዳው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አፍንጫዬን ሳስጠጋው ግን የድሮው ሽታ አለ፤ የቆዳ ቅባት፣ ላብ፣ በስደት ያደግንበት የሮዘተንቪል ሰፈር ቢጫ አቧራ። ሌላ ሰው ልጅነቱን ሲያስታውስ ፊቱ ይፈካል። እኔ ጥርሴን ነው የምነክሰው።

ልጅ እያለሁ እሑድ የቤተ ክርስቲያን፣ ቅዳሜ የሜዳ ነበር። ሜዳው ከቤታችን ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ከድሮው የወርቅ ማዕድን የአፈር ክምር ሥር ነው። ነሐሴ ላይ ንፋሱ ያን ቢጫ አፈር እያነሳ ዓይናችን ውስጥ ይሞጅረዋል። አጥሩ ጋ አንዲት እናት ፌትኩክ ይጠብሳሉ፤ ትኩሱ ሊጥ በዘይት ሲንጫጫ እስከ ሜዳው መሃል ይሸታል። እኛ ልጆች ጣታችንን እየላስን የምንጠብቀው አንድ ነገር ነበር፣ ኤርሚያስ ኳስ ሲወረውር ማየት። ቤዝቦል ለማያውቅ ሰው ነገሩ ቀላል ነው። ወርዋሪው ይወረውራል፣ ዱላ የያዘው ሊመታ ይሞክራል፣ ከዱላው ኋላ የተንበረከከው ተቀባይ ያመለጠችውን ኳስ ይይዛል። ሁሉ ነገር የሚጀምረው ከወርዋሪው ክንድ ነው።

ያ ክንድ መጀመሪያ የታወቀው በአባዬ ሱቅ ነው። ኤርሚያስ መሰላል አይወድም ነበር። ከበሩ ላይ ቆሞ ሳሙናውን አንድ በአንድ ወደ ላይኛው መደርደሪያ ይወረውራል፤ ሳሙናው በእጅ የተደረደረ ይመስል ቦታው ላይ ቁጭ ይላል። ደንበኞች እየተጠራሩ ያዩት ነበር። አባዬ «ዕቃዬን ልትጨርስ ነው!» እያለ ይቆጣና ዞር ብሎ ይስቃል። ትምህርት ቤት ውስጥ አሠልጣኙ አየው፣ ኋላም ለተጫዋች ደመወዝ የሚከፍል አንድ ትንሽ ሊግ ውስጥ ገባ። ከሆሳዕና ወደዚህ አገር የመጣ ልጅ በቤዝቦል እንጀራ ሲበላ ያየነው እሱን ብቻ ነው።

የቡድኑ ባለቤት የመኪና ጎማ ነጋዴ ስለነበረ ባለጎማው እንለው ነበር። አንድ የጨዋታ ዘመን ሊጀመር ሲል፣ ባለጎማውና መሰሎቹ ተሰብስበው ደንቡን ለወጡት። በሳምንት አንድ ጨዋታ የነበረው፣ የእያንዳንዱ ጨዋታ ዙር አጥሮ በአንድ ቀን ሁለት ጨዋታ ሆነ። ወርዋሪው ትንፋሽ እንዳይሰበስብ ደግሞ ሰዓት ተተከለበት፤ ሰዓቱ ሳያልቅ መወርወር አለበት። ምክንያታቸው «ተመልካች ሰልችቶታል» የሚል ነበር። ቡድኑ ሌላ ወርዋሪ አልነበረውም። ተጫዋቾቹ የጠየቁት ቀላል ነገር ነው፤ ወይ ሁለተኛ ወርዋሪ ይቀጠር፣ ወይ ሐኪም ሜዳው ላይ ይቁም፣ የተጎዳም ይታከም። ባለጎማው አይሆንም አለ። ዛሬም ሳስበው ይገርመኛል። ጎማ እንኳ ሲያልቅ እንደሚቀየር ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ሥራ አቆሙ። የኤርሚያስ ጓደኛ፣ ተቀባዩ ሲፎ፣ ነበር የመራቸው። ቅዳሜ ጠዋት መለያቸውን ለብሰው መጡና ሜዳው ዳር ተቀመጡ። በሚቀጥለው ሳምንት ጎማ ቤቱ በር ድረስ ሄደው እየዘፈኑ፣ መሬቱን በእግራቸው እየደበደቡ ቶይ ቶይ የሚባለውን የአገሩን የተቃውሞ ጭፈራ ጨፈሩ። እኔ ከልጆቹ ጋር ከኋላ ሆኜ ስጨፍር ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ኤርሚያስ ከፊት ነበረ።

አባዬ ከቴምቢሳ ሲመለስ ያየው ይህንን ነው። የሰፈር ሱቅ ላለው ሐበሻ ቶይ ቶይ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ያ ዘፈን ከሩቅ ሲሰማ የብረት በር ይወርዳል፣ ልጅ ይደበቃል፣ ሱቅ ሲዘረፍ በቀዳዳ ይታያል። አባዬ ሁለት ጊዜ ደርሶበታል። አሁን ልጁን ከዘፋኞቹ ፊት ሲያየው የፊቱ ቀለም ጠፋ። ማታ «ሳይቃጠል በቅጠል» አለና የቤተ ክርስቲያናችንን ሽማግሌ ጋሽ ደሳለኝን ጠራቸው። ለኤርሚያስ ግን አልነገረውም።

ሦስት ሆነው ሄዱ፤ አባዬ፣ ጋሽ ደሳለኝና አንድ ሌላ የአገራችን ሰው። እኔን ለአስተርጓሚነት ወሰዱኝ። ያኔ የኛ ሰፈር ልጅ ሁሉ አስተርጓሚ ነበር፣ ክሊኒክ፣ ባንክ፣ የመኖሪያ ወረቀት ቢሮ። እሑድ የሚለብሱትን ኮት ለብሰው ጎማ ቤቱ ውስጥ ቆሙ። ባለጎማው ወንበር አሳያቸው። አልተቀመጡም። በእኛ ወግ ለዕርቅ የሄደ ሽማግሌ ጉዳዩ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፣ የቀረበለትንም አይቀምስም። ሌላ ጉልበት የለውም፤ ጉልበቱ መቆሙ ነው።

ጋሽ ደሳለኝ ጎንበስ ብለው «ልጆቻችን አጥፍተዋል። እኛ እግርዎ ላይ ወድቀናል» አሉ። እንዳሉት ተረጎምኩ። ይህ አነጋገር ለኛ ሰው በር መክፈቻ ነው። ያኛውም ወገን አፍሮ «ኧረ እኔም አጥፍቻለሁ» ይላል፤ ከዚያ ሁለቱም ከያዙት ትንሽ ትንሽ ይለቃሉ። ባለጎማው ግን አላፈረም። ግራ ገብቶት ሦስቱንም አያቸው፣ ከዚያ ፈገግ ብሎ የሁሉንም እጅ ጨበጠ። «ጥሩ ነው፤ ልጆቹ ቅዳሜ ሜዳ ላይ ይገኙ» አለኝ።

«ምን አለ?» አሉኝ ጋሽ ደሳለኝ።

«ቅዳሜ ይምጡ አለ።»

«ይኸው! ሰው ክፉ አይደለም፤ የቀረውን እሱ ያስተካክለዋል» አሉና ተቀመጡ። ሌላውም ተቀመጠ። በመጨረሻ አባዬ ተቀመጠ። ለስላሳ ተከፈተላቸው፣ ጠጡት። ስለ ሐኪም አንድ ቃል አልተነሣም። ስለ ክንድ አንድ ቃል አልተነሣም። የተዘጋጀንበትን በር ከፍተንለት እሱ ገባና ከውስጥ ቆለፈው፣ እኛም ለስላሳችንን ጠጥተን አመሰገንን!

ኤርሚያስ ሲሰማ ከተቀመጠበት ተነሣ። «አባዬ፣ እኛ እኮ አላጠፋንም።»

«ሽማግሌ ቃል ሰጥቷል። ቃሌን መሬት ልትጥለው ነው?» አለው አባዬ።

በዚያ ቤት የአባት ቃል አይሻርም። ማታውን ሲፎ በራችን ድረስ መጣ። ሁልጊዜ በአገሩ ቋንቋ «ሳውቦና ሲሲ»፣ ሰላም እህቴ፣ ብሎ ጸጉሬን ሳያበላሽ አያልፍም ነበር፤ ያን ቀን አላየኝም።

«ብራ፣ ወንድሜ፣ አንተ ሜዳ ከገባህ ጨዋታው አለ፤ ካልገባህ የለም። ምን አሰብክ?»

«አባቴ ነው እኮ፣ ሲፎ።»

«ኤሽ» አለ ሲፎ፣ እንደ ማዘን ብሎ። ሄደ። ወደ ሜዳውም ወደ ቤታችንም ተመልሶ አልመጣም።

ቅዳሜ ኤርሚያስ ወረወረ። የመጀመሪያውን ጨዋታ ጨረሰ፣ ሰዓቱ እያጣደፈው ሁለተኛውን ጀመረ። አጥሩን ይዤ አየው ነበር። ከእያንዳንዱ ውርወራ በኋላ ክንዱን የሌላ ሰው ክንድ ይመስል ዝቅ ብሎ ያየዋል። ከዚያ አንዷን ኳስ ለቀቀና ተንበረከከ። እሱ ኋላ እንደነገረኝ ትከሻው ውስጥ እንደ ጨርቅ ሲቀደድ ሰምቷል። ሐኪም አልነበረም። የፌትኩክ ሻጯ እናት በረዶ በፌስታል አምጥተው ያዙለት፣ ሰዎችም ባኪ በሚሏት ትንሽ የጭነት መኪና ጭነው ወደ ቤት አመጡት። ባለጎማው ደንቡን ጠቀሰ፤ የተጎዳ ተጫዋች ራሱን ያሳክማል።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባል የለ? ሽማግሌዎቹ በሳምንቱ መጥተው ትከሻው ላይ እጅ ጭነው ጸለዩለት። ጸሎቱን አልጠላሁም። የጠላሁት ከጸሎቱ በኋላ «እግዚአብሔር ያመጣው ነው» ማለታቸውን ነው። እግዚአብሔር ጎማ ቤት ሄዶ ለስላሳ አልጠጣም። ልጅ ስለነበርኩ ይህን የምልበት አፍ አልነበረኝም፤ ጓሮ ወጥቼ የልብስ ማስጫውን ምሰሶ በርግጫ መታሁት።

እኩዮቼ ሲገናኙ «ያኔ ነገር በሽማግሌ ያልቅ ነበር፣ ደግ ዘመን!» ይላሉ። አልቋል፤ በማን ላይ እንዳለቀ ግን አይናገሩም። የአገሩን ሕግ የሚያውቅ አንድ ሰው ጠይቀው ቢሆን፣ ወይ ልጁን ራሱን ጠይቀው ቢሆን እላለሁ። ሱቁ ዛሬ የኤርሚያስ ነው። ቀኝ እጁ ከደረቱ በላይ አይወጣም። ሳሙና ከላይኛው መደርደሪያ የሚያወርድለት ሌላ ሰው ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ሱቁ ጓዳ ውስጥ ከአባዬ ጋር ተቀምጠን ነበር። አርጅቷል፤ ስልኬ ላይ ዜና እንዳነብለት ይወዳል። በአሜሪካ ትልቁ የቤዝቦል ሊግ ተጫዋቾችና ባለቤቶች እንደገና ሊጣሉ ነው የሚል አገኘሁ። ለወርዋሪዎች ሰዓት መተከሉን፣ ተጫዋቾቹ ማኅበርና ጠበቃ እንዳላቸው አነበብኩለት። እልህም ይዞኝ ነበር፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው ያነበብኩት። የአባዬ ዓይን በጓዳው በር አሻግሮ ሚስማሩ ላይ ያለው ጓንት ላይ ነበር።

«ያን ቀን መቀመጥ አልነበረብንም» አለ።

ስንት ዓመት የጠበቅኩት ቃል ነው። ሲመጣ ግን አላበረደኝም። «ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ባለጉዳዩ እዚያ አለልህ» አልኩት።

ምርኩዙን ያዘና ተነሣ። ኤርሚያስ በሱቁ የብረት ፍርግርግ ቀዳዳ ለአንዲት ደንበኛ ዳቦ ሊያቀብል ነበር። አባቱን ሲያይ በግራ እጁ የዳቦ ሳጥን ገለበጠና ጠረገለት።

«አባዬ፣ ና ተቀመጥ።»

አባዬ ኮፍያውን አወለቀ። «ልጄ፣ አጥፍቻለሁ» አለው።

ኤርሚያስ የያዘውን ዳቦ አስቀመጠ። ደንበኛዋ ከውጭ ፍርግርጉን አንኳኳች፣ እሱ ግን አልዞረም። በእግሩ ሳጥኑን ወደ አባዬ አስጠጋው። «ግድ የለም፣ ተቀመጥ እንጂ» አለው።

አባዬ አልተቀመጠም።